«ራኩን አይከፍተውም» የተባለው የቆሻሻ በርሜል ማሰሪያ፦ 2 ኮከብ፣ እሱም ለላስቲኩና ለሳጥኑ ሥዕል

ዋናውን መጀመሪያ ልበላችሁና ሥራ ያለው ሰው ወደ ሥራው ይሂድ። ይሄን ማሰሪያ አትግዙ፣ ከገዛችሁም መንጠቆውን ፈታችሁ ጣሉትና በሌላ ቀይሩት። ላስቲኩ ጠንካራ ነው፣ ብሎኖቹም ደህና ናቸው፣ ሦስት ወር ሙሉ ዝናብና ፀሐይ ላይ ቆይተው አልዛጉም። መንጠቆው ግን የተሠራው ራኩን አይቶ በማያውቅ ሰው ነው፣ ወይ ደግሞ አይቶ ስሙን ባልጠየቀ ሰው። ስሙን ያልኩት ለቀልድ አይደለም፣ እመጣበታለሁ፣ ምክንያቱም የዚህ ዕቃ ጣጣ በሙሉ የሚጀምረው ከአንድ ቃል ትርጉም ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ራኩን ማለት አሜሪካ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየዞረ ቆሻሻ የሚበረብር፣ ከድመት ተለቅ የሚል፣ ግራጫ ፀጉር ያለው፣ ጭራው ቀለበት ቀለበት የሆነ፣ ዓይኑ ዙሪያ ደግሞ ጥቁር ጭንብል ያደረገ የሚመስል እንስሳ ነው። ሌባ ይመስላል። ሌባም ነው። እኛ አገር ስለሌለ ስም አላወጣንለትም፣ እዚህ ያለነውም ዝም ብለን ራኩን ነው የምንለው።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂንያ ነው፣ ታውንሀውስ፣ ከኋላችን ትንሽ ጫካና ጅረት አለ። ቤቱን ስንገዛ አሻሻጩ «ተፈጥሮ በራችሁ ላይ ናት» ብሎን ነበር። እውነቱን ነው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች።

ሁዳዴውን ሙሉ ድምፁም አልነበረም። በርሜላችን ውስጥም ያለው የሽሮ ድስት ፍቅፋቂ፣ የጎመን ግንድ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ነበር። የፋሲካ ማግስት ጠዋት ለሥራ ስወጣ በርሜሉ ተጋድሟል፣ ከረጢቱ ተዘርግፏል፣ የዶሮው አጥንት ከኛ ድራይቭዌይ ጀምሮ እስከ ጎረቤት ተደርድሯል፣ ፈረሰኛው ደግሞ የጎረቤቴ መኪና ኮፈን ላይ። አሥራ ሁለቱንም ብልት ቆጥሮ ያወጣ ነው የሚመስለው። ባለቤቴ «ጾሙን ይዞ ነዋ የቆየው» ብላ ሳቀች፣ እኔ ግን በሥራ ሱሪዬ ተንበርክኬ አጥንት እየለቀምኩ ስለነበር አልሳቅኩም። በኋላ እንደገባኝ ነገሩ ጾም ሳይሆን ወራቱ ነው፣ በብርድ ጊዜ ብዙውን ቀን ተኝተው ያሳልፋሉ፣ ፀደይ ሲገባ ደግሞ ሴቶቹ ይወልዳሉ፣ የምታጠባ እናት ስትራብ የማን በርሜል እንደሆነ አታይም።

እማዬ ያኔ እኛ ጋ ነበረች፣ ለስድስት ወር መጥታ። የትውልድ አገሯ ሊሙ ነው፣ ጅማ፣ ማለትም የጥርኝ አገር። የበሩን ካሜራ ቪዲዮ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ትንሽ አየችና «ይሄማ ጥርኝ ነው! እናንተም አገር አለ እንዴ?» አለች። ዘሩ ሌላ ነው፣ ግን ፊቱን ካያችሁት ልክ ናት፣ ያው ዓይን ላይ ጥቁር ነገር፣ ያው ሌሊት ለሌሊት ብቻውን መዞር። ልጅ ሆና ሰፈራቸው ጥርኝ ይዘው በጠባብ የእንጨት ቤት የሚያኖሩ ሰዎች ነበሩ፣ ዝባዱን ጠርገው እያወጡ በከብት ቀንድ አጠራቅመው ይሸጡታል፣ ፈረንጅ አገር ሄዶ ሽቶ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ፈረንጆቹ ጥርኝን «ሲቬት» የሚሉት ቃል ከአረብኛው «ዘባድ» የመጣ ነው፣ የኛ ዝባድ ራሱ ማለት ነው። ጥርኝን የጠሩት ከጭራው ሥር በሚወጣው ነገር ነው እንግዲህ። ራኩንን ግን የጠሩት በሌላ ነገር ነው፣ እሱን ነው ይሄ የዕቃ ፋብሪካ ያላወቀው።

እሺ ወደ ዕቃው። ኦንላይን አገኘሁት፣ ሃያ ሁለት ዶላር፣ ስሙን አልጠራም፣ ሳጥኑ ላይ ግን አንድ ራኩን እጁን አጣምሮ ሲያኮርፍ የሚያሳይ ሥዕል አለው፣ ሥዕሉን ወድጄው ነው የገዛሁት ብል ይቀለኛል። ውስጡ አንድ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ፣ አራት ብሎን፣ ሁለት የፕላስቲክ ማቀፊያ፣ አንድ መንጠቆና አንድ ወረቀት ነው ያለው። ላስቲኩን ከበርሜሉ ጀርባ በብሎን ታስሩትና በክዳኑ ላይ አሳልፋችሁ ፊት ለፊት ካለው ማቀፊያ ላይ በመንጠቆው ታያይዙታላችሁ። ድሪል ካላችሁ አሥር ደቂቃ ነው። ድሪል የለንም ካላችሁ ጎረቤት አለ፣ እኔ የተዋስኩት ፈረሰኛው መኪናው ላይ ከተገኘበት ሰውዬ ነው፣ ይቅርታ ለመጠየቅም ምክንያት ሆነኝ።

ወረቀቱ ላይ ከማሰሪያው መመሪያ በታች በትንሽ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ይላል፦ «ይህን ያውቃሉ? ራኩን የሚለው ስም ምግቡን የሚያጥብ ማለት ነው!» አነበብኩት፣ ደስ አለኝ፣ ለልጄም ነገርኳት። ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ያወቅኩት ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጬ ሳይሆን መጀመሪያ እንስሳው ራሱ አሳይቶኝ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ቪዲዮ አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። ክዳኑ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ፣ እንደ ሰው፣ በቂጡ። ከዛ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። በደንብ ስሙኝ፣ ማሰሪያውን አያየውም፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፣ መኪና እንዳይመጣ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው የሚመስለው፣ እጆቹ ግን ለብቻቸው ሥራ ላይ ናቸው። ላስቲኩን ከጀርባ ጀምሮ ዳበሰው፣ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ እማዬ ምስር ስትለቅም ወሬ እያወራች ዓይኗ ቲቪው ላይ ሆኖ ጣቷ ጠጠሩን እንደሚያገኘው በቃ እንደዛ። መንጠቆው ጋ ሲደርስ ቆመ። ነካ ነካ አደረገው። ወደ ታች ገፋው፣ እምቢ አለ። ወደ ጎን ሳበው። ላስቲኩ ጧ! ብሎ ሲፈናጠር ደንግጦ ዘሎ ወረደ፣ አጥሩ ሥር ትንሽ ቆየ፣ ተመልሶ መጣና ክዳኑን ከፍቶ ገባ። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። በሁለተኛው ሌሊት አራት ደቂቃ። በሦስተኛው አርባ ሴኮንድ፣ በሦስተኛው ላይ ጧ ሲልም አልደነገጠም፣ ጭንቅላቱን ብቻ ዘንበል አድርጎ አሳለፈው።

ያኔ ነው እማዬ ቪዲዮውን ድጋሚ አሳየኝ ያለችው። ዝም ብላ አይታ አይታ «ኧረ ይሄ ጥርኝ አይደለም» አለች፣ «ጥርኝ እግር ነው ያለው፣ እንደ ውሻ። ይሄ እጅ አለው። እጀ አመል ነው!» ከዛ ቀን በኋላ ቤታችን ውስጥ ስሙ እጀ አመል ሆኖ ቀረ። «እጀ አመል ዛሬ መጣ?» «እጀ አመል እንዳይሰማ ቀስ ብለህ አውጣው» ምናምን።

እኔ ደግሞ አርባ ሴኮንዷ ስላበሳጨችኝ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ስለ እንስሳው ማንበብ ጀመርኩና እማዬ ሳታውቀው ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተባለውን ነገር እንደደገመች አገኘሁ።

ቃሉ የዚሁ የቨርጂንያ ልጅ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1607 ጄምስታውን ላይ ሲሰፍሩ፣ ከኔ ቤት በ95 መንገድ ትራፊክ ካልያዛችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ቦታው፣ አካባቢው የፖውሃታን ሕዝብ አገር ነበር፣ አልጎንኪያን ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ አንዱን ቋንቋ የሚናገሩ። እንግሊዞቹ አይተውት የማያውቁት እንስሳ ሲገጥማቸው ስሙን ከባለአገሮቹ ጠየቁ። ካፒቴን ጆን ስሚዝ በ1608 በታተመው ጽሑፉ «ራሃውኽከምስ» ዓይነት ነገር ብሎ ጻፈው፣ በ1612 ደግሞ «አሩኽኩን» ብሎ፣ ባጀር የሚባለውን የነሱን አገር እንስሳ ይመስላል ግን እንደ ስኩዊረል ዛፍ ላይ ይኖራል አለ። የሰፈራው ጸሐፊ የነበረው ዊልያም ስትሬቺ ሌላ አጻጻፍ አለው፣ «አራትኮን»። አንድ ቃል፣ ሦስት አጻጻፍ። በዚህ አልፈርድባቸውም፣ የኔ ስም በ«ጸ» ነው የሚጀምረው፣ ቡና ቤት ገብቼ ስሜን ስናገር ኩባያው ላይ የሚጽፉልኝን ብታዩ ጆን ስሚዝ የቋንቋ ሊቅ ነው ትላላችሁ። በኋላ መነሻዋ «አ» ተውጣ ቀረችና ራኩን ሆነ። ኦፖሰም የሚባለው ያ ነጭ ፊት ያለው ሌላው የሌሊት ዘዋሪም እዛው ከፖውሃታን የመጣ ነው፣ እሱም በሰው አፍ «ፖሰም» ሆኗል።

ትርጉሙ? በእጁ የሚፈትግ፣ የሚያሽ፣ የሚቧጭር። ማጠብ የለበትም። ውሃ የለበትም። እጅ ነው ያለበት። እነዛ ሰዎች ከእንስሳው ጋር ሺህ ዓመት ሲኖሩ ከጭምብሉ፣ ከቀለበታም ጭራው፣ ከሁሉ መርጠው የጠሩት በእጁ ነው። ቋንቋው ራሱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆነው ተናጋሪ ካጣ፣ ዛሬ ያለው በዋናነት ስሚዝና ስትሬቺ የለቀሟቸው የቃል ዝርዝሮች ናቸው፣ ይቺ ቃል ግን ተርፋ እኔ የገዛሁት ሳጥን ላይ በትልቁ ተጽፋለች፣ ሳጥኑን ያተመው ሰው ግን ምን እንደሚል አያውቅም። ለፋብሪካው ማስጠንቀቂያው ስሙ ውስጥ ነበረ እኮ! «በእጁ የሚሠራ» ለሚባል እንስሳ በአንድ ጣት የሚገፋ መንጠቆ ይሠራል?

ፊት ለፊቴ ያሉት ጎረቤታችን ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ሴትዮ ናቸው፣ እሳቸው «ማፓቼ» ነው የሚሉት። እሱም ስፓኒሽ ብቻ አይደለም፣ ሜክሲኮ ውስጥ አዝቴኮች ይናገሩት ከነበረው ናዋትል የመጣ ቃል ነው፣ «ማፓችትሊ»፣ ሁሉን በእጁ የሚይዝ እንደማለት። ያው እጅ! ፖውሃታን እዚህ፣ ናዋትል እዛ፣ የሊሙ ሴትዮ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ሳይመካከሩ ሦስቱም እጁን አዩ።

አጣቢ የሚለው ታዲያ ከየት መጣ? ከአውሮፓ። እዛ ሲሄድ ቤት ውስጥ ታስሮ ነው የታየው፣ የታሰረ ራኩን ደግሞ የሰጡትን ምግብ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያገላብጣል፣ አዩና ንጹሕ እንስሳ ነው ምግቡን ያጥባል አሉ። ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቴ ልጅ ቪዲዮውን ስልክላት «ውይ ቫሽቤር!» አለችኝ፣ አጣቢ ድብ ማለት ነው። ጣልያኖቹ «ኦርሴቶ ላቫቶሬ» ይሉታል፣ አጣቢ ትንሽ ድብ፣ ላቫቶሬ ያው የኛ ላቫጆ ዘመድ ነው፣ መኪና የምናሳጥብበት። ፈረንሳዮቹ «ራቶን ላቬር»፣ ጃፓኖቹ «አራይጉማ»፣ ሁሉም ጋ አጣቢ አለ። የስዊድኑ ሊኔየስ ራሱ፣ ለእንስሳና ለዕፅዋት የላቲን ስም ያወጣው ሰውዬ፣ ሹፕ የሚባል ራኩን ከንጉሡ ቤት ተሰጥቶት ቤቱ ያኖር ነበር፣ እንቁላልና ዘቢብ ይወድ ነበር ይባላል፣ እና በ1758 ከድብ ዘር መድቦ «አጣቢ ድብ» ብሎ በላቲን መዘገበው። በ1780 ስቶር የሚባል ጀርመናዊ ድብ እንዳልሆነ አይቶ «ፕሮስዮን» ብሎ ለየው፣ ከውሻ በፊት ማለት ነው፣ ሲሪየስ ከሚባለው የውሻ ኮከብ ቀድሞ የሚወጣው ኮከብ ስም ነው፣ «ሎቶር» ማለትም አጣቢው ግን እስከዛሬ እንደተለጠፈበት አለ።

እና አያጥብም። ጫካ ውስጥ ሲሆን ጅረት ዳር ቁጭ ብሎ እጁን ውሃ ውስጥ ከቶ በድንጋይ ሥር ያለውን ይዳብሳል፣ ክሬይፊሽ የሚባል ትንሽ የውሃ ፍጥረት ምናምን ያወጣል። ያኔም ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፣ ልክ በኔ በርሜል ላይ እንዳደረገው። መዳፉ ላይ ያለው ቆዳ ሲርስ ይለሰልስና ይበልጥ ይሰማዋል፣ የአንጎሉም ስሜት ከሚቀበለው ክፍል ትልቁን ድርሻ የያዘው እጁ ነው። የታሰረው ደግሞ ጅረቱን ሲያጣ ሳህኑ ላይ ያንኑ ይደግማል። እኛ ዓይናችንን አፍጠን የምናየውን እሱ በጣቱ ነው የሚያየው በአጭሩ። የኔ በርሜል ውስጥ ደግሞ ምንም ውሃ የለም፣ አጥቦም አያውቅም፣ የዶሮውን አጥንት ከነቁሌቱ ነው የበላው።

ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ራኩኖችን በአሥራ ሦስት ዓይነት መቆለፊያ ፈትኗቸው ነበር፣ አሥራ አንዱን ከአሥር ሙከራ ባነሰ ከፈቱት። እንግዲህ ያ ሁሉ ተጽፎ እያለ ነው የኔ ሰዎች መንጠቆ የላኩልኝ።

ሻጮቹን በቻት አናገርኳቸው። ቪዲዮ ላክ አሉኝ፣ ላክሁ። መልሱ «እንዴት ያምራል!» የሚልና አንድ ቀይ ልብ ነበር። ልብ! ገንዘቤን መልሱ ስል በብሎን ከታሰረ አይመለስም፣ ይልቅ መለዋወጫ መንጠቆ በነፃ እንልክልሃለን አሉ፣ ላኩም፣ ያው መንጠቆ ነው። ስለ ስሙ ትርጉምም ጽፌላቸው ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስሕተት ነው ብዬ፣ «አስተያየትዎን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል» አሉኝ፣ ይቺን መልስ እንኳ አገር ቤት እያለሁም አውቃታለሁ።

እማዬ የራሷ መፍትሔ ነበራት። «በርበሬ ነስንስበት።» ከአገር ቤት ራሷ አስፈጭታ ያመጣችው በርበሬ፣ ኪሎው በስንት ልፋት ሻንጣ ውስጥ የገባ! ባለቤቴ አይሆንም አለች፣ እማዬ ደግሞ የኔ በርበሬ ነው ብላ አንድ ጭልፋ ሙሉ ክዳኑ ላይ። ያን ሌሊት መጣ፣ አሸተተ፣ እጁን አራገፈ፣ ሄደ። ጠዋት እማዬ እንደ ጀግና ቡና አፈላች። በነጋታው ከሰዓት የቨርጂንያ ዝናብ ወርዶ በርበሬውን አጥቦ ወሰደው፣ ያጠበው እንግዲህ ዝናቡ ነው። ለዚህ ዘዴ በርበሬ የሚበቃው ቤት ካለ ይሞክረው፣ እኛ ጋ ክርክሩ ገና አላለቀም።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ወጥመድ ገዝተህ ያዘውና ራቅ ወዳለ ጫካ ወስደህ ልቀቀው አለኝ። እንዳታደርጉት። ቨርጂንያ ውስጥ የዱር እንስሳ ይዞ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅ በሕግ ክልክል ነው፣ እሱም ባይሆን በዚህ በምሥራቁ በኩል ራኩን የእብድ ውሻ በሽታ ዋና ተሸካሚ ነው፣ ሲያዝ ይናከሳል፣ ኩሱም ውስጥ ለሰው አደገኛ የሆነ የወስፋት ዓይነት ይኖራል። ልጆች ካሏችሁ «እንዴት ያምራል» ብለው እንዳይጠጉት ንገሯቸው። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1926 ለምስጋና ቀን እራት እንዲታረድ ከሚሲሲፒ ለፕሬዚዳንት ኩሊጅ የተላከች ራኩን ነበረች፣ አላርድም ብለው ሬቤካ ብለው ሰይመው ዋይት ሀውስ አኖሯት፣ በገመድ እያዞሯት። ከኔ ቤት ግማሽ ሰዓት ነው። ፕሬዚዳንት ስላልሆናችሁ አትሞክሩት።

ልጆች ካልኩ አይቀር አንድ ቁም ነገር። ቃሉን አታሳጥሩት። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ የመጀመሪያዋን ክፍል ጥላ «ኩን» ብላ ስትጠራው ደነገጥኩ፣ ገጠር ያሉ አዳኞች እንደዛ ይሉታል፣ ግን በዚህ አገር ያቺ አጭር ቃል ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጥቁር ሰውን መስደቢያ ሆና የኖረች ናት፣ ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው መድረክ ላይ ጥቁሮችን ሲያሾፉባቸው ይጠቀሙባት ነበር። እኛ ከሌላ አገር ስለመጣን ብዙዎቻችን አናውቀውም፣ ሳናስበው በሥራ ቦታ ልንላት እንችላለን። ራኩን ሲሆን እንስሳ ነው፣ ሲቆረጥ ስድብ። ልጄን እንደዚሁ ነገርኳት፣ ጥያቄዋ ብዙ ነበር፣ እሱን ሌላ ጊዜ።

አሁን የሚሠራውን ልንገራችሁ። መንጠቆውን አውጥቼ ተራራ የሚወጡ ሰዎች ገመድ የሚያያይዙበት ዓይነት የብረት ቀለበት ገዛሁ፣ አፉ ላይ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ መዝጊያ ያለው፣ ከዕቃ መደብር አራት ዶላር። ሚስጥሩ መጠምዘዙ ላይ ነው። ራኩን አምስት ጣት አለው፣ መግፋት መሳብ መቆንጠጥ ይችላል፣ አውራ ጣቱ ግን እንደኛ ከሌሎቹ ጣቶች ፊት ለፊት ዞሮ አይገጥምም፣ ስለዚህ በአንድ እጁ ቀለበቱን ይዞ በሌላው ማዞር ይከብደዋል። ስድስት ሳምንት ሆነው፣ አልከፈተም። መሞከሩን አልተወም፣ በየሌሊቱ መጥቶ ይዳብሰዋል፣ አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ ቆይቷል፣ እውነቱን ልናገር አዘንኩለት።

ችግሩ ቆሻሻ የሚወሰድበት ቀን ነው። ሠራተኞቹ ቀለበት ሲፈቱ አይውሉም፣ መብታቸውም ነው፣ ታስሮ ካገኙት ጥለውት ነው የሚሄዱት። ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥታችሁ መፍታት አለባችሁ። እኔ አንዴ ረሳሁ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ዓሣ የበላንበት ሳምንት ነበር፣ ከዚህ በላይ አልገልጽም። ይሄ የኔ ቀለበት ብቻ ሳይሆን የማሰሪያው የራሱ ድክመት ነው፣ በመንጠቆውም ቢሆን መውጣት አለባችሁ። ቶሮንቶ ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለነዋሪው ያደለው በርሜል ይሄን አስቦበታል፣ እጀታው የሚዞር ነው፣ ሰው በእጁ ያዞረዋል፣ መኪናው አንስቶ ሲዘቀዝቀው ደግሞ መቆለፊያው በራሱ ይለቃል። እዛም ቢሆን ከፍተው የተገኙ ራኩኖች በቪዲዮ ታይተዋል፣ ግን ቢያንስ የሠራው ሰው ከማን ጋር እንደሚታገል ያውቅ ነበር። እንደዛ ዓይነት በርሜል እዚህ ቢሸጥ ሃያ ሁለቱን ዶላር ሳይሆን ስልሳም እከፍል ነበር።

ስለዚህ 2 ኮከብ። አንዱ ለላስቲኩ፣ አንዱ ለሥዕሉ። መንጠቆው ዜሮ ነው፣ ወረቀቱ ከዜሮ በታች። ድሪል ያለው፣ አራት ዶላር የሚጨምርና ሐሙስ ጠዋት የሚነሳ ሰው ቢገዛው አይጎዳም፣ ሌላው ይተወው።

እማዬ ባለፈው ወር አገር ቤት ተመለሰች። እሁድ እሁድ ትደውላለች። ትናንት ስትደውል ልጆቹን ጠየቀች፣ ባለቤቴን ጠየቀች፣ ሥራ ጠየቀች፣ ልትዘጋ ስትል «እጀ አመልስ፣ ከፈተው?» አለች። አልከፈተውም አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እስኪ ለመስቀል አንድ አጥንት ውጪ አስቀምጥለት» አለችኝ።